ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነር ወይስ ባሪቶን? ዩኩሌሌ ለመግዛት ለሚያስቡ የቀረበ ንጽጽር

ዩኩሌሌ የሚባለውን ጊታር መሰል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ ሊገዛ የተነሣ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ መወሰን ያለበት መጠኑን ነው። አራቱ መጠኖች፣ ማለትም ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን፣ በሱቅ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ «ለልጅ ትንሹ፣ ለአዋቂ ትልቁ» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ይህ ምክር ብዙ ሰው ያሳስታል። አራቱን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አልነደፋቸውም፤ በሰባ ዓመት ገደማ ውስጥ ተራ በተራ የተወለዱ ሲሆኑ፣ አዲሱ መጠን የመጣው ነባሩ ሊሞላው ያልቻለ ፍላጎት ስለነበረ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን እያንዳንዱ መቼና ለምን እንደተሠራ ከማወቅ የበለጠ የሚረዳ ነገር የለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሶፕራኖ፦ የመጀመሪያው

ታሪኩ የሚጀምረው በሃዋይ ሳይሆን የፖርቱጋል ግዛት በሆነችው የአትላንቲክ ደሴት በማዴይራ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ብራጊኛ ወይም ማሼቴ የሚሉት ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያና ራዣው የሚባል ባለ አምስት ክር መሣሪያ ነበሯቸው። ኦገስት 23 ቀን 1879 ራቨንስክራግ የተባለችው መርከብ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ለመሥራት ውል የገቡ ከ400 በላይ የማዴይራ ተወላጆችን ይዛ፣ አራት ወር ያህል ከፈጀ ጉዞ በኋላ፣ የሃዋይ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ሆኖሉሉ ወደብ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑዌል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ ሦስት የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። ሦስቱም ውሎ አድሮ ወደ ሙያቸው ተመልሰው በ1880ዎቹ ሆኖሉሉ ውስጥ መሣሪያ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። መጠኑንና ቅርጹን ከብራጊኛ፣ ቅኝቱን ከራዣው፣ እንጨቱን ደግሞ ከሃዋይ ደሴቶች በቀር በየትም በተፈጥሮ ከማይበቅለው ከኮኣ ዛፍ ወሰዱ። ኮኣ የግራር ወገን ነው፤ ቀለሙ ከወርቃማ እስከ ጥቁር ቡና የሚደርስ፣ ሲለሰልስ ሞገድ የመሰለ መስመር የሚያወጣ ውብ እንጨት ነው።

መሣሪያውን ከሠራተኛ መንደር አውጥቶ ክብር የሰጠው የሃዋይ ንጉሥ ካላካዋ ነው። ንጉሡ ሙዚቃ አዋቂ ስለነበር ዩኩሌሌን ወደ ቤተ መንግሥቱ ግብዣዎች አስገባው፤ በ1886 በተከበረው የኢዮቤልዩ በዓሉም ላይ ከሁላ ውዝዋዜ ጋር አብሮ ተሰማ። ከውጭ የመጣ መሣሪያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሃዋይ ሰዎች የራሴ የሚሉት ሊሆን የቻለው ከሁላ ጋር ስለተጋባ ይመስለኛል። ስሙ በብዙዎች ዘንድ «ዘላይ ቁንጫ» ተብሎ ይፈታል፤ የተጫዋቹ ጣቶች በክሩ ላይ ሲዘሉ ከማየት የመጣ ነው ይባላል። የንጉሡ እኅትና የሃዋይ የመጨረሻ ንግሥት የሆነችው ሊሊዑኦካላኒ ግን «ወደዚህ የመጣ ስጦታ» በሚለው ትፈታው ነበር። እኔ የንግሥቲቱን ትርጉም እመርጣለሁ።

ዛሬ ሶፕራኖ የምንለው ይህን የመጀመሪያውን መጠን ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚርገበገበው የክር ርዝመት ደግሞ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ክሩ አጭርና ያልተወጠረ በመሆኑ ድምፁ ፈጥኖ ይወጣል፤ ፈጥኖም ይጠፋል። ይህ ጉድለት አይደለም። ሁላን ያጀበው ያ ደረቅና ፈጣን የግርፍ (አራቱን ክሮች ባንድነት የመምታት) ድምፅ የሚገኘው ከዚህ አጭርነት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «ዩኩሌሌ» ሲባል በጆሮው የሚመጣለትን ድምፅ የሚፈልግ ሁሉ፣ አዋቂም ቢሆን፣ ሶፕራኖ መግዛት አለበት። ዘፈን እየዘፈነ ኮርድ (ባንድነት የሚሰሙ ድምፆች) ለሚገርፍ፣ በቦርሳ ይዞ ለሚጓዝና ትንሽ እጅ ላለው ልጅ የሚስተካከለው የለም። በአውሮፕላን ጓዳ ይዞ ለመግባት ለተለመደው 55 ሴንቲ ሜትር ሻንጣም ከአራቱ የሚበቃው እርሱ ብቻ ነው፤ ከውጭ አገር ለቤተሰብ ልጆች ስጦታ ይዞ ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ያለው በፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱን በሚከፋፍሉት አግድም ዘንጎች፣ ላይ ነው። ፍሬቶቹ ስለሚቀራረቡ ከሰባተኛው በላይ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ማሳረፍ ለአዋቂ ይከብዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ርካሽ ሶፕራኖ ከርካሽ ቴነር ይልቅ የአሠራር ስሕተትን የማይሸከም መሆኑ ነው፤ ክሩ አጭር ሲሆን ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት እንኳ ቅኝቱን ያዛባል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለ ሶፕራኖ ነበር። ክሮቹን ባዶ ስመታቸው ልክ ነበሩ፤ ጣቴን ሳሳርፍ ግን ኮርዱ ይጎመዝዛል። ጥፋቱ የጆሮዬ መስሎኝ አንድ ዓመት ያህል ሰቅዬው ከቆየሁ በኋላ ነው፣ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ማስቀመጫ ከሚገባው በላይ ከፍ ተደርጎ እንደተሠራ የተረዳሁት። በሶፕራኖ ላይ ገንዘብ መቆጠብ እንደማይገባ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ቅኝቱ

ወደ ሌሎቹ መጠኖች ከመሄዳችን በፊት ገዢው አንድ ነገር መረዳት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ «ሃይ ጂ ወይስ ሎው ጂ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሶፕራኖ፣ ኮንሰርትና ቴነር ከላይ ወደ ታች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ፤ በእሽጉ ላይ በፊደል «ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ» ተብሎ ይጻፋል። በነባሩ ቅኝት ለተጫዋቹ ፊት የሚቀርበው አራተኛው ክር፣ ማለትም ሶል፣ እንደ ጊታር ወፍራምና ዝቅተኛ ሳይሆን ከዶም ከሚም ከፍ ያለ ነው። ከራዣው የተወረሰው ይህ ነው። «ሃይ ጂ» የሚባለውም እርሱ ነው። ዝቅተኛው ሶል («ሎው ጂ») ደግሞ በኋላ የመጣ አማራጭ ሲሆን፣ የመሣሪያውን ስፋት ከዶ በታች በአምስት ግማሽ ድምፅ ይጨምራል።

ልዩነቱን ለአማርኛ አንባቢ ለማሳየት ከትዝታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። በነባሩ ቅኝት የዩኩሌሌ ባዶ ክሮች ከእነዚህ መካከል አራቱን ይዘዋል፤ የቀረው ሬ ብቻ ሲሆን እርሱም በዶ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። ሦስተኛውን ክር ባዶውን ይምቱት፤ ዶ ይላል። በሌባ ጣት ሁለተኛውን ፍሬት ይጫኑ፤ ሬ ይሆናል። ጣትዎን አንሥተው ሁለተኛውን ክር፣ ቀጥሎ አራተኛውን፣ በመጨረሻም አንደኛውን በየተራ ቢመቱ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ መላው ትዝታ በአንድ ጣት ተጫወተ ማለት ነው። ሙሉ ሰባቱን ድምፅ ሳይሆን አምስቱን ብቻ በባዶ አውታር ይዞ የሚጫወት ክራር ደርዳሪ በዚህ መሣሪያ ላይ ፈጥኖ ቤቱን የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በዝቅተኛው ሶል ግን ያው አራተኛ ክር ከዶ በታች ስለሚወርድ፣ ከሚ በኋላ የሚመጣውን ሶል ለማግኘት የሚ ክርን ሦስተኛ ፍሬት መጫን ግድ ይላል፤ በምትኩ ዜማው ከዶ በታች ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ግርፍ የሚወድ ከፍተኛውን፣ ዜማ በድርደራ ሊጫወት የሚፈልግ ዝቅተኛውን ቢመርጥ አይሳሳትም። ምርጫው የዘላለም አይደለም፤ አንድ ክር በመቀየር መመለስ ይቻላል።

ካናዳ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ማስታወሻ ልጨምር። በዚያች አገር ከኖቫ ስኮሻ ተነሥቶ ዩኩሌሌን ወደ ትምህርት ቤቶች ያስገባው ጄ. ቻልመርስ ዶን የሚያስተምረው በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ባለ ቅኝት፣ ማለትም ላ፣ ሬ፣ ፋ ዲየዝ፣ ሲ ብሎ ነበር። ከዚያ ወገን የሆነ የቆየ መማሪያ መጽሐፍ እጃቸው የገባ ሰዎች መሣሪያቸው የተበላሸ ሊመስላቸው ይችላል፤ የጣት አቀማመጡ ግን ያው ነው።

ኮንሰርት፦ ድምፅ ሲያንስ

በ1915 የፓናማ ቦይ መከፈትን ለማክበር ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ በተዘጋጀው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሃዋይ የራሷ አዳራሽ ነበራት። በዚያ በየቀኑ የሚሰማው ሙዚቃ አሜሪካውያንን ስለማረካቸው ዩኩሌሌ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከደሴት መሣሪያነት ወደ አገር አቀፍ ፋሽንነት ተሸጋገረ። የጊታር ሠሪው የማርቲን ኩባንያ በፔንሲልቬኒያ ዩኩሌሌን በ1916 በስፋት ማምረት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከማኑዌል ኑኔስ ሙያውን የተማረው ሳሙኤል ካማካ ሆኖሉሉ ውስጥ የራሱን ሥራ ከፈተ። የካማካ ቤተሰብ ዛሬም በዚያችው ከተማ ዩኩሌሌ ይሠራል። ወገቡ ያልገባ፣ እንደ አናናስ ሞላ ያለ ሶፕራኖ የነደፈውም ይኸው ሳሙኤል ካማካ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1928 ነው። አናናሱ የድምፅ ሳጥኑ ሰፋ ስለሚል ከባለ ወገቡ ሶፕራኖ ትንሽ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው።

መሣሪያው ወደ ቲያትር መድረክ ሲወጣ ግን ትንሹ ሶፕራኖ ለአዳራሽ አልበቃ አለ። ኮንሰርት በ1920ዎቹ የመጣው ለዚህ መልስ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 58 ሴንቲ ሜትር፣ የክሩ ርዝመት 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራት ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፤ በእጅ ሲያዝ ግን የአዋቂ ጣቶች በሬ ኮርድ ሦስት ጎረቤታም ክሮች ላይ ሳይጋፉ ማረፍ የሚችሉት በዚህች ልዩነት ነው። ቅኝቱ ከሶፕራኖ ጋር አንድ ስለሆነ የግርፉ ጠባይ አልጠፋም፤ ድምፁ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሽም ይሞላል።

ከዚህ በፊት ምንም መሣሪያ ተጫውቶ ለማያውቅና አንድ ዩኩሌሌ ብቻ ለሚገዛ አዋቂ የእኔ ምክር ኮንሰርት ነው። ይህን የምለው መካከለኛ ስለሆነ አይደለም። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጡት ሁለቱ ነገሮች፣ የጣት መጨናነቅና የቅኝት መዛባት፣ ከሶፕራኖ ይልቅ በእርሱ ላይ ይቀንሳሉ፤ ክሩም እንደ ቴነር የተወጠረ ስላልሆነ ጣት አያምም። ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅም በምቾት ይይዘዋል።

ቴነር፦ የብቸኛ ተጫዋች

ቴነር በ1920ዎቹ መጨረሻ ተከተለ። ጠቅላላ ርዝመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የክሩ ርዝመት ደግሞ 43 ሴንቲ ሜትር ነው። ክሩ ሲረዝም ወደዚያው ድምፅ ለመድረስ የበለጠ መወጠር ስላለበት፣ አንድ ጊዜ የተመታ ድምፅ ቶሎ አይከስምም፤ በድርደራ የሚጫወት ሰው አንዱን ድምፅ ይዞ ሌላውን መጨመር ይችላል። አንገቱም ረዘም ስለሚል በላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይ ለዜማ ሰፊ ቦታ አለው። የሆኖሉሉው ጄክ ሺማቡኩሮ በዓለም መድረኮች የሚጫወትበት መሣሪያ የካማካ ቴነር ነው፤ እርሱን ሰምቶ ወደ ዩኩሌሌ የተሳበ ሰው ሶፕራኖ ገዝቶ ያንኑ ድምፅ ቢጠብቅ ያዝናል።

ሆኖም ቴነር ክፍያ አለው። ውጥረቱ ለጀማሪ ጣት ይከብዳል፤ ትከሻ ላይ በማንገቻ ካልተያዘ ቆሞ ለመጫወት ያስቸግራል፤ ዋጋውም በተመሳሳይ ጥራት ከኮንሰርት ከፍ ይላል። ከሁሉ በላይ የሶፕራኖ ፈጣን ግርፍ በእርሱ ላይ ይደበዝዛል፤ የቀደመው ምት ሳይጠፋ ቀጣዩ ስለሚደርስበት ምቱ ይደራረባል። ዝቅተኛውን ሶል ለሚመርጡ ግን በሌሎቹ ላይ የሚልመሰመሰው ያ ወፍራም ክር በቴነር ላይ ጠንክሮ ስለሚናገር ከእርሱ የተሻለ የለም። ዜማን ብቻውን ለመደርደር ለሚፈልግ፣ ክራር ወይም ጊታር ለለመደ እጅ፣ ቴነርን በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

ባሪቶን፦ ለጊታር ተጫዋች

በ1940ዎቹ መጨረሻ የመጣው ባሪቶን ከሦስቱ የሚለየው በመጠን ብቻ አይደለም። ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል፤ ይህም የጊታር የታችኞቹ አራት ቀጫጭን ክሮች ቅኝት ነው። ጊታር የሚችል ሰው ባሪቶንን አንሥቶ በዚያው ቀን ይጫወታል። ለዩኩሌሌ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ሊማር የሚነሣ ሰው ግን ግራ ይጋባል፤ በሶፕራኖ ዶ ኮርድ የሚሰጠው የጣት አቀማመጥ በባሪቶን ላይ ሶል ኮርድ ይሰጣል። በ76 ሴንቲ ሜትር ርዝመቱና በጥልቅ ድምፁ ወደ ትንሽ ጊታር ስለሚያደላ፣ የዩኩሌሌን ድምፅ ለሚፈልግ አልመርጥለትም።

እንጨት ወይስ ፕላስቲክ

በመጠኑ ከወሰኑ በኋላ የሚቀረው ገላው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። ሙሉ እንጨት የሚባለው ከአንድ ወጥ ቀጭን ጣውላ የተሠራ ሲሆን፣ ድምፁ ሕያውና ከዓመት ወደ ዓመት የሚበስል ነው። ከሆኖሉሉ የሚመጡት የኮኣ ዩኩሌሌዎች ከዚህ ወገን ስለሆኑ ውድ ናቸው፤ ማሆጋኒ ረጋ ያለ ድምፅ ያለውና ከኮኣ ይልቅ በዋጋው የሚቀመስ ነው። ከተጣበቁ ስስ ንብርብሮች የተሠራው ደግሞ ድምፁ ትንሽ ቢታፈንም አየር ሲለዋወጥ አይሰነጠቅም።

ይህ ለእኛ ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ሙሉ እንጨት የሚወደው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ የበጋ ወራት አየር፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የማያቋርጥ ኤር ኮንዲሽነርና የሰሜን አሜሪካ የክረምት ማሞቂያ ሁሉም ከዚያ በታች ያደርቁታል። የደረቀ መሣሪያ መጀመሪያ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፤ ቀጥሎ ፊቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሳጥን ውስጥ እርጥበት ሰጪ እያስቀመጠ ሊንከባከብ የማይችል ሰው ጥሩ ንብርብር ቢገዛ ይሻለዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ መሣሪያውን ለሚያስተካክል ባለሙያና ለጥሩ ክር ቢያወጣው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት ይሰማዋል። ክሩ ቀድሞ የበግ አንጀት ነበር፤ ከ1940ዎቹ ወዲህ ናይለን ተተካ፤ ዛሬ ብዙዎች ይበልጥ የጠራ ድምፅ ያለውን ፍሎሮካርቦን ይመርጣሉ። የብረት ክር ፈጽሞ አይታሰርበትም፤ ብሪጁን፣ ማለትም ክሮቹ በገላው ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት፣ ነቅሎ ያነሣዋል።

ፕላስቲክንም መናቅ አይገባም። ጣሊያን ተወላጁ ማሪዮ ማካፌሪ በ1949 ያወጣው አይላንደር የተባለው የፕላስቲክ ዩኩሌሌ በሚሊዮን የሚቆጠር ገዢ ያገኘው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ፍሬቶቹ በትክክለኛ ልኬት ተቀርጸው ስለሚወጡ ቅኝቱን ስለሚጠብቅ ነበር። ዛሬም ለሕፃናትና ለመንገድ ጥሩ የፕላስቲክ ሶፕራኖ ከመጥፎ የእንጨት ሶፕራኖ ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ

መጠኑም እንጨቱም ከተመረጠ በኋላ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መሣሪያውን በስልክ መቃኛ አስቃኝተው እያንዳንዱን ክር ባዶውን ይምቱት፤ ከዚያም በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱት። ሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያው ራሱ፣ በኦክታቭ (በዐሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ) ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ መቃኛው ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ካለ መሣሪያውን ይመልሱ። በዚያው በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጣት ይደክማል። ቀጥሎ የቀለበት ጣትዎን በአንደኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ብቻ አሳርፈው አራቱንም ይግረፉ፤ ይህ የዶ ኮርድ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ሶፕራኖ በዚህ ፈተና ሱቁ ውስጥ ይያዝ ነበር። አዲስ ክር ለብዙ ቀናት ስለሚለጠጥ ቤት ከደረሰ በኋላ ቅኝቱ ቢወርድ አይደንግጡ፤ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሰው እየቃኙ ይጫወቱበት፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይረጋል። ቅኝቱ የሚወርደው ክሩ ከረጋ በኋላም ከሆነ የተንሸራተተው መቃኛ ቁልፉ ነውና ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሱቁ ይመልሱት።